በ8 ሳምንት የሰባ የራት (የላቦራቶሪ አይጥ) ጉበት ስለ ካንሰር ሊመሰክር ይችላል? ከጅማ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጅማ ሆነው የሁለተኛ ዲግሪ ጥናታቸውን የሚያዘጋጁ ጠያቂ፣ ዊስታር የተባለው ዝርያ ወንድ ራቶችን ለ8 ሳምንት ስብ የበዛበት መኖ ሊመግቡ አስበዋል። ለግማሾቹ ከጥሬ ቡና የተዘጋጀ ጭማቂ በየቀኑ በአፍ ይሰጣል። በመጨረሻ ጉበታቸው ወጥቶ ፋስን (ስብ የሚሠራ)፣ ቲኤንኤፍ-አልፋ (የብግነት ምልክት) እና ኤኤፍፒ (የጉበት ካንሰር ምልክት) የተባሉት ጂኖች በሪል-ታይም ፒሲአር፣ ማለትም የጂኑን ቅጂ በዑደት እያባዛ በሚለካ ማሽን ይለካሉ፤ ማመሳከሪያው፣ ማለትም አይለወጥም ተብሎ ሌሎቹ የሚነጻጸሩበት ጂን፣ ጋፕዲኤች ነው። «ኤኤፍፒ ከቀነሰ ቡና የሰባ ጉበት ወደ ካንሰር እንዳይሄድ ይከላከላል ብዬ መደምደም እችላለሁ? ናሙናውንስ እንዴት ልያዝ?» ብለው ጠይቀዋል።

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ አይችሉም ነው። ምክንያቱ ግን የጂኑ ምርጫ ብቻ አይደለም። ስብ የበዛበት መኖ የበላ ጤነኛ ራት በ8 ሳምንት የሚያሳየው የስብ ክምችት ነው፤ ብግነቱ ቀላል ነው፣ ጠባሳው ከሞላ ጎደል የለም፣ እብጠት (ዕጢ) ደግሞ ፈጽሞ የለም። ኤኤፍፒ በጽንስ ጊዜ በብዛት የሚሠራ፣ ከውልደት በኋላ የሚዘጋ ጂን ነው። የሚመለሰው በአንዳንድ እብጠቶችና ጉበት ራሱን በሚተካበት ጊዜ ነው። በአዋቂ ራት ጤነኛ ጉበት ውስጥ መጠኑ በጣም ዝቅተኛ ስለሆነ ማሽኑ ዘግይቶ ነው የሚያነሳው። በ33ኛውና በ35ኛው ዑደት መካከል የሚታይ ልዩነት በስሌት ሲቀመጥ «4 እጥፍ ቀነሰ» የሚል ቁጥር ይወጣለታል፤ ቁጥሩ ግን በአብዛኛው የፒፔት ልዩነትና የጥቂት ሞለኪውሎች ዕጣ ነው። ካንሰር በሌለበት እንስሳ ላይ የካንሰር ጂን ቢለካ ስለ ካንሰር የሚናገረው ነገር የለም።

ስለዚህ መጀመሪያ ከሁለቱ ጥያቄዎች አንዱን ይምረጡ። ስለ ስብ ነው የምጠይቀው ካሉ 8 ሳምንት ይበቃል፣ ዊስታርም ይሆናል። ኤኤፍፒን አውጥተው ስብ የሚሠሩትን (ፋስን፣ ኤስሲዲ1፣ ኤስሬብፒ-1ሲ)፣ ስብ የሚያስገባውን ሲዲ36፣ የስብ ጠብታን የሚሸፍነውን ፕሊን2 እና ስብ የሚያቃጥለውን ሲፒቲ1ኤ ይለኩ። ለብግነት ከቲኤንኤፍ-አልፋ ጋር ሲሲኤል2ን ይጨምሩ፤ ቲኤንኤፍ-አልፋ ብቻውን በጉበት ውስጥ ዝቅተኛና ተለዋዋጭ ነው። ኮል1ኤ1ን እና ቲምፕ1ን ደግሞ ጠባሳ አለመጀመሩን ለማሳየት ይለኳቸዋል።

ስለ ካንሰር ነው ካሉ ካንሰርን ወይም የካንሰርን ዋዜማ የሚፈጥር ሞዴል (በሽታውን በእንስሳ ላይ ማስመሰያ ዘዴ) ያስፈልጋል። ለራት ሦስት መንገዶች አሉ። አንዱ ኮሊን የተባለው ንጥረ ነገር የሌለው መኖ ነው፤ ይህ መኖ ያለ ሌላ መርዝ ራትን ለጉበት ካንሰር እንደሚያበቃ በ1980ዎቹ ታይቷል፤ ግን አንድ ዓመት ገደማና ከዚያም በላይ ይፈጃል። ሁለተኛው ዳይኤቲልናይትሮዝአሚን (ዴን) የተባለውን መርዝ በሳምንት አንዴ 50 ሚሊግራም በኪሎ ከ16 እስከ 18 ሳምንት በሆድ መውጋት ነው፤ ጉበቱ ይጠባብሳል፣ እብጠትም ያወጣል፣ ከእንስሳቱ ግን ቀላል የማይባል ቁጥር በመንገድ ላይ ይሞታል።

ሦስተኛው ለእርስዎ የጊዜ ገደብ የሚስማማው ነው፤ የጃፓኑ ተመራማሪ የኢቶ ቡድን ያቋቋመው የመካከለኛ ጊዜ ፈተና ይባላል፣ የሚፈጀውም ልክ 8 ሳምንት ነው። አንድ ጊዜ ዴን 200 ሚሊግራም በኪሎ ይወጋል። ከ2 ሳምንት በኋላ የሚፈተነው ነገር ይጀመራል። በ3ኛው ሳምንት ሁለት ሦስተኛው ጉበት በቀዶ ጥገና ይወጣል። በ8ኛው ሳምንት መጨረሻ እንስሳው ይታረድና ጂኤስቲ-ፒ የተባለው ፕሮቲን በቀለም የሚታይባቸው፣ ዲያሜትራቸው ከ0.2 ሚሊሜትር ያላነሰ ነቁጦች በካሬ ሴንቲሜትር ይቆጠራሉ። ነቁጦቹ ካንሰር አይደሉም፤ የካንሰር መነሻ ናቸው። ፈተናው የተለካው ፊሸር 344 በተባለው የራት ዝርያ ስለሆነ በዊስታር ሲሠሩ የራስዎን ኮንትሮል (የማነጻጸሪያ ቡድን) ቆጠራ አስቀድመው ማውጣት አለብዎት። ይህ ምልክት ለራት ነው የሚሠራው፤ በማውስ (በትንሿ የላቦራቶሪ አይጥ) ላይ አይጠቅምም።

እዚህ ላይ ቡናን በተመለከተ አንድ ወጥመድ አለ፣ በብዙ የዕፅዋት ጥናቶችም የሚታይ ነው። ዴን ራሱ ካንሰር አያመጣም፤ ጉበት ውስጥ ሲዋይፒ2ኢ1 የተባለው ኢንዛይም ቀይሮት ነው ዲኤንኤን የሚጎዳው። ቡናው ከዴን በፊት ወይም አብሮ ከተሰጠ፣ ኢንዛይሙን ቢያዳክም እንኳ እብጠት ይቀንሳል፤ ያኔ የታየው የመርዙ አለመቀየር እንጂ የካንሰር መከላከል አይደለም። ስለዚህ ቡናው የሚጀመረው ከመጨረሻው የዴን መርፌ ቢያንስ አንድ ሳምንት በኋላ ይሁን። ስብ የበዛበት መኖም ይህንኑ ኢንዛይም ስለሚያበዛ፣ መኖው ከዴን በፊት ከተጀመረ ስቡ ካንሰርን አባባሰ ወይስ መርዙን አከረረ የሚለው አይለይም።

የሐሳቡ መነሻ ግን ባዶ አይደለም። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2016 ባደረገው ግምገማ ቡና በሚጠጡ ሰዎች ላይ የጉበት ካንሰር አነስ ብሎ መታየቱን አስፍሯል። ጅማ ላይ ሆኖ ይህን በላቦራቶሪ መመርመር ተገቢ ነው፤ ለዚያም ነው በትክክል መሠራቱ የሚያስጨንቀው።

መኖውን በእጅ የሚያዘጋጁ ከሆነ ዋናው ጣጣ ያለው እዚያ ነው። የተፈጨ የላቦራቶሪ መኖ 650 ግራም፣ የቀለጠ የከብት ሞራ 250 ግራም፣ ኬዚን (የወተት ፕሮቲን) 100 ግራም ቢቀላቀሉ ከጠቅላላው ካሎሪ 54 ከመቶ ገደማ ከስብ ይመጣል። ኬዚኑ የሚጨመረው ሞራው የፕሮቲኑን ድርሻ ስለሚያሳንሰው ነው። ቫይታሚን፣ ኮሊንና ሜቲዮኒንም አብረው ይሳሳሉ። ኮሊን ሲያንስ ጉበት ስብን ወደ ደም መላክ ያቅተዋል፤ ያኔ የሰባው ጉበት ከስብ ብዛት ሳይሆን ከኮሊን እጥረት የመጣ ይሆናል፣ የጂኖቹም ጠባይ የተለየ ነው። ስለዚህ የቫይታሚንና ማዕድን ድብልቅ ከኮሊን ጋር መጨመር ግዴታ ነው። ሞራ ቶሎ ይበላሻል፤ በሳምንት በሳምንት አዘጋጅቶ ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ፣ ኬጅ ላይ ያለውን ደግሞ በየ2 ቀኑ መቀየር ያስፈልጋል። የተበላሸ ስብ በራሱ ብግነት ያመጣል፤ ራቶቹም ስለሚጠሉት መብላት ይቀንሳሉ።

ከሁሉ የሚያሳስበው አፍላቶክሲን ነው። የመደበኛው መኖ ግብዓት በቆሎ፣ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ከሆነ ሻጋታው ይዞት ሊሆን ይችላል። በአዲስ አበባ ዙሪያ በወተት ላሞች መኖ ላይ የተደረጉ ምርመራዎች በተለይ የኑግ ፋጉሎ በአፍላቶክሲን የተበከለ መሆኑን አሳይተዋል። ራት ደግሞ ለአፍላቶክሲን ቢ1 እጅግ ስስ ነው፤ ማውስ በአንጻሩ መርዙን የሚያከሽፍ ኃይለኛ ኢንዛይም ስላለው ይቋቋመዋል። በጅማ እርጥበት የተጋዘና የተከማቸ መኖ ለራት የጉበት ካንሰር ጥናት ሲቀርብ ሳይታወቅ ሦስተኛ ተፈታኝ ገባ ማለት ነው። የዲኤንኤ ጉዳትን የሚያሳዩት ሲዲኬኤን1ኤ እና ኤምዲኤም2 በኮንትሮሎቹም ላይ ከፍ ብለው ከታዩ መጀመሪያ መኖውን ይጠርጥሩ። መኖው ለጥናቱ ሁሉ ከአንድ ምርት ይገዛ፣ ደርቆ ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀመጥ፣ ከየጆንያው ናሙና ተወስዶ ይለካ። ይህ ወጪ ከሁሉም ወጪ በፊት የሚመጣ ነው።

ስለ ቡናው መጠን አንድ ስሌት ይያዙ። የራትን ሚሊግራም በኪሎ ወደ ሰው ለመመለስ በ6.2 ይካፈላል። ለራት 500 ሚሊግራም በኪሎ ቢሰጥ ለ60 ኪሎ ሰው ወደ 4.8 ግራም የደረቀ ጭማቂ ይሆናል። የመጨረሻው ጽሑፍ ላይ ይህ ቁጥር ይጻፍ፤ አንባቢው ስንት ሲኒ እንደሆነ መገመት ይገባዋል። ቡና የወሰደው ቡድን ትንሽ በልቶ ከከሳ ጉበቱ የቀለለው በመክሳት ሊሆን ይችላል። የየኬጁ መኖ በየቀኑ ይመዘን፤ አቅም ካለ ቡና ያልወሰደ ነገር ግን ቡና የወሰዱት የበሉትን ያህል ብቻ የሚሰጠው አንድ ተጨማሪ ቡድን ይኑር። ቱቦ በየቀኑ ማስገባት በራሱ ስለሚያስጨንቅ ለኮንትሮሎቹም በዚያው መጠን ውኃ በቱቦ ይሰጣል።

አሁን ወደ ዕርዱ ቀን እንምጣ። የጂን ልኬት የሚያሳየው ጉበቱ በዚያች ሰዓት ምን ይሠራ እንደነበር ነው። ጉበት ከሁሉም አካል ይልቅ ከምግብ ጋር የሚለዋወጥ ስለሆነ፣ የ12 ሰዓት የምግብ ክልከላ የሚያመጣው ለውጥ የ8 ሳምንት መኖ ካመጣው ሊበልጥ ይችላል። ሲርበው ፋስን፣ ኤስሲዲ1ና ኤስሬብፒ-1ሲ ይወርዳሉ፤ ሲፒቲ1ኤ፣ ፒዲኬ4ና ኤፍጂኤፍ21 ይወጣሉ። አንዱ ራት ከበላ 2 ሰዓት፣ ሌላው 14 ሰዓት ቢሆነው የምትለኩት ረሃብን ነው። መኖውን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ አንስተው ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ብቻ ይረዱ። ራት የሚበላው ሌሊት ስለሆነ ጠዋት መኖ ማንሳት አያጎሳቁለውም። ሌሊቱን ሙሉ ማስራብ የተለመደ ቢሆንም ለስብ ጥናት አይመከርም።

አንድ ራት በአማካይ 10 ደቂቃ ቢወስድ በ2 ሰዓት ውስጥ 12 ብቻ ይደርሳሉ። 36 ራት ካለ ዕርዱን በ3 ቀን ይክፈሉት። ነገር ግን አንድ ቀን ኮንትሮል፣ በማግስቱ ቡና ማለት ጥናቱን ገደል መክተት ነው፤ በየቀኑ ከየቡድኑ እኩል፣ ቅደም ተከተላቸውም በዕጣ የተደባለቀ ይሁን። የሰዓት ጂኖች (የቀንና የሌሊቱን ዑደት የሚመሩት) በጉበት ውስጥ በ24 ሰዓት ውስጥ ብዙ እጥፍ ስለሚወጡና ስለሚወርዱ የዕርዱ ሰዓት በመዝገቡ ላይ በደቂቃ ይጻፍ። ጅማ ላይ የቀንና የሌሊቱ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ተቀራራቢ መሆኑ ይረዳል፤ የሚያበላሸው ሌሊት የሚበራ የጥበቃ መብራት ነው። ክፍሉ ቀን ሞቆ ሌሊት የሚቀዘቅዝ ከሆነ የኬጆቹን ቦታ በየሳምንቱ ያዘዋውሩ። ብርድ የእንስሳውን የኃይል አወጣጥ ይለውጣል፤ መስኮት ሥር ያለው ኬጅ ሁልጊዜ የአንድ ቡድን እንዳይሆን።

ማደንዘዣው ለሁሉም አንድ ይሁን። ዛይላዚን የደም ስኳርን ስለሚያወጣ፣ ከኬታሚን ጋር ከተጠቀሙ መርፌው ከተወጋበት እስከ ጉበቱ መውጣት ያለውን ጊዜ እኩል ያድርጉ። ጉበቱ ወጥቶ ይመዘን፤ ከግራው ትልቁ ክፋይ ብቻ፣ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ፣ ከጠርዙ ገባ ብሎ ይቆረጥ። ራት የሐሞት ከረጢት የለውም፤ በማውስ የሚሠሩ ግን ከረጢቱ እንዳይፈስ አስቀድመው ያውጡት። ደሙን በበረዶ በቀዘቀዘ ሳላይን ያጥቡና ያድርቁት። ደም ከቆመ በኋላ ናሙናው በ5 ደቂቃ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ከዚያው ክፋይ አጠገብ ያለው ቁራጭ ለ24 ሰዓት ፎርማሊን ውስጥ ይገባል። የስብ ጠብታን በኦይል ሬድ ኦ ማየት ከፈለጉ ደግሞ የቀዘቀዘ ቁራጭ ያስፈልጋል፤ በፓራፊን ሥራ ላይ የሚገባው ዛይሊን ስቡን አጥቦ ይወስደዋል፣ የሚቀረው ባዶ ቀዳዳ ነው። ያለ ማይክሮስኮፕ ምርመራ የጂን ቁጥር ብቻውን ሰባ ወይም ብግነት አለው ለማለት አይበቃም። በክላይነርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ነጥብ (ስብ ከ0 እስከ 3፣ ብግነት ከ0 እስከ 3፣ የሴል ማበጥ ከ0 እስከ 2) ቡድኑን በማያውቅ ፓቶሎጂስት ይሰጥ።

ስለ ማቀዝቀዣ፦ ፈሳሽ ናይትሮጅን የከብት ሰው ሠራሽ ማዳቀል ሥራ የሚጠቀምበት ስለሆነ ከዚያ አካባቢ ይጠይቁ። ካልተገኘ አርኤንኤን (ጂኑ ሲሠራ የሚወጣውን ቅጂ፣ የሚለካውም እሱ ነው) ከመበላሸት የሚጠብቀው አርኤንኤሌተር የተባለው ፈሳሽ ጥሩ አማራጭ ነው። ቁራጩ በአንድ በኩል ከግማሽ ሴንቲሜትር መብለጥ የለበትም፤ ከበለጠ ፈሳሹ መሐል ሳይደርስ መሐሉ ይበሰብሳል። ፈሳሹ የናሙናውን 5 እጥፍ ይሁን፤ አንድ ሌሊት ፍሪጅ ውስጥ አድሮ ከዚያ ወደ ፍሪዘር ይገባል። በዚህ ፈሳሽ ያለ ናሙና በክፍል ሙቀት አንድ ሳምንት፣ በ4 ዲግሪ አንድ ወር ይቆያል፤ መብራት ሲጠፋ የሚያድነው ይህ ነው። በናይትሮጅን የቀዘቀዘ ናሙና ግን ፍሪዘሩ ሌሊት ጠፍቶ ጠዋት ቢመለስ ቀልጦ እንደገና መቀዝቀዙ በዓይን አይታይም፤ አርኤንኤው ግን አልቋል። ፍሪዘሩ ውስጥ ውኃ የያዘ ትንሽ ጠርሙስ አቀዝቅዘው በላዩ ሳንቲም ያስቀምጡ፤ ሳንቲሙ ሰምጦ ከተገኘ ቀልጦ ነበር ማለት ነው። ከእያንዳንዱ ራት ሁለት ቱቦ በሁለት የተለያዩ ፍሪዘሮች ይቀመጥ።

የሰባ ጉበትን አርኤንኤ ማውጣት ከጤነኛው በሁለት ነገር ይለያል። አንደኛው ስቡ ነው፣ ሌላው ግላይኮጅን (ጉበት የሚያከማቸው ስኳር)። ብዙ ሰው 100 ሚሊግራም ቆርጦ በ1 ሚሊሊትር ትራይዞል (አርኤንኤ ማውጫ ፈሳሽ) ይፈጫል፤ ለጉበት ይህ በጣም ብዙ ነው። ጉበት በሚሊግራም ከ6 እስከ 10 ማይክሮግራም አርኤንኤ ይሰጣል፤ ስለዚህ 20 ሚሊግራም ከበቂ በላይ ነው። ከፈጩ በኋላ ክሎሮፎርም ከመጨመር በፊት በ12,000 ጂ በ4 ዲግሪ ለ10 ደቂቃ ያሽከርክሩት። ላዩ ላይ ነጭ የስብ ቆብ፣ ከሥር ዝቃጭ፣ መሐሉ ጥርት ያለ ፈሳሽ ይሆናል። የሚፈለገው መሐሉ ነው። ስቡ አብሮ ከሄደ፣ ቀጥሎ በሚደረገው መለያየት ላይ ደመና ይፈጥርና ፌኖል ይዞ ይወርዳል። የሚገርመው ይህ እርምጃ ለሰቡት ብቻ ከተደረገ ሌላ ስህተት ነው፤ ለኮንትሮሎቹም እኩል መደረግ አለበት።

ከዚያ 0.2 ሚሊሊትር ክሎሮፎርም ተጨምሮ 15 ሴኮንድ በኃይል ይናወጣል፣ 3 ደቂቃ ይቆማል፣ በ12,000 ጂ 15 ደቂቃ ይሽከረከራል። ከላይ ያለውን ጥርት ያለ ፈሳሽ ሁሉንም ለመውሰድ አይስገብገቡ፤ ታችኛውን ሩብ ይተዉት። ለማዝቀጥ ግማሽ ሚሊሊትር አይሶፕሮፓኖል በመጨመር ፈንታ ሩብ ሚሊሊትር አይሶፕሮፓኖል፣ ሩብ ሚሊሊትር ደግሞ 0.8 ሞላር ሶዲየም ሲትሬትና 1.2 ሞላር ሶዲየም ክሎራይድ የያዘ ውኃ ያድርጉት፤ ጨው ሲበዛ ግላይኮጅኑ ፈሳሹ ውስጥ ይቀራል፣ አርኤንኤው ብቻ ይዘቅጣል። ይህ ካልተደረገ በደንብ የበላው ራት ናሙና ትልቅ ነጭ ዝቃጭ ይሰጣል፤ ሰውየው አርኤንኤ በዛልኝ ብሎ ደስ ይለዋል፣ ግን ግላይኮጅን ነው። በ75 ከመቶ አልኮል ሁለት ጊዜ ይታጠብ፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይድረቅ፣ በ100 ማይክሮሊትር ንጹሕ ውኃ ይሟሟ። ኦቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት ማምከኛ) ብቻውን አርኤንኤን የሚበላውን ኢንዛይም አያጠፋም። በተጨማሪም ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች በግፊት መለኪያው ብቻ የሚሠራ ኦቶክሌቭ 121 ዲግሪ ላይደርስ ይችላል፤ ሙቀቱን ይመልከቱ።

አርኤንኤው በብርሃን ሲለካ የ260/280 ንጽጽር 2.0 አካባቢ፣ 260/230 ደግሞ ከ1.8 በላይ ይጠበቃል። ሁለተኛው 0.6 ከሆነ የትራይዞሉ ጨው ቀርቷል፤ ደግመው በአልኮል ያዝቅጡት። እነዚህ ቁጥሮች ንጽሕናን እንጂ አርኤንኤው ሙሉ መሆኑን አይናገሩም። ለዚያ ጄል ያስፈልጋል፤ 28ኤስ የተባለው መስመር ከ18ኤስ ሁለት እጥፍ ገደማ ደምቆ መታየት አለበት።

ዲኤንኤዝ የተባለውን ዲኤንኤ የሚያጠፋ ኢንዛይም አይዝለሉ። ጋፕዲኤችና ቤታ-አክቲን በጂኖም ውስጥ ኢንትሮን የሌላቸው ብዙ ሐሰተኛ ቅጂዎች ስላሏቸው፣ ፕራይመሩ (ፒሲአሩ የሚነሳበት አጭር ቁራጭ) ሁለት ኤክሶኖችን ቢያገናኝም ከዲኤንኤው ላይ ያበዛል። ለእያንዳንዱ ናሙና አርኤንኤን ወደ ሲዲኤንኤ (ወደ ዲኤንኤ ቅጂ) የሚቀይረው ኢንዛይም ያልገባበት ኮንትሮል ይኑር። 1 ማይክሮግራም አርኤንኤ በ20 ማይክሮሊትር ወደ ሲዲኤንኤ ይቀየር፣ 10 እጥፍ ይቅጠን። ፕራይመሩ ከ80 እስከ 150 ቤዝ የሚያወጣ ይሁን። ቅልጥፍናው በ5 ደረጃ ቅጥነት ይፈተሽ፤ የመስመሩ ቁልቁለት ከ−3.1 እስከ −3.6 ከሆነ ከ110 እስከ 90 ከመቶ ነው። ማሽኑ በመብራት ማቆያ ላይ ካልተሰካ አይጀምሩ፤ መሐል ላይ የተቋረጠ ሩጫ አይቀጥልም።

የማመሳከሪያውን ጂን በተመለከተ ጋፕዲኤች ለዚህ ጥናት ተስማሚ አይደለም። ስኳር የሚሰብር ኢንዛይም ስለሆነ ከመኖም ከካንሰርም ጋር ይለዋወጣል። ቤታ-አክቲንም ጠባሳ ሲጀምር ይጨምራል። ከአርፒኤልፒ0፣ ኤችፒአርቲ1፣ ቲቢፒና ፒፒአይኤ ጀምረው ከየቡድኑ 4 ናሙና ላይ ሁሉንም ይሞክሩ፤ ጂኖርም ወይም ኖርምፋይንደር በተባለው ፕሮግራም በጣም የማይነቃነቁትን ሁለት ወይም ሦስት መርጠው በአማካያቸው ያስሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ሚኪ የተባለው የሪል-ታይም ፒሲአር መመሪያም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

ቁጥሩ ከወጣ በኋላ የሚፈተነው ስታቲስቲክስ በዴልታ-ሲቲ (ከጂኑ ዑደት የማመሳከሪያው ዑደት ሲቀነስ) ላይ እንጂ «በእጥፍ» ላይ አይሁን፤ እጥፉ ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ነው። ሦስት ጊዜ የተደገመ አንድ ራት አንድ ራት ነው። በቡድን 10 ራት ካለ ለስብ ጂኖች አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። እብጠት ወጣ ወይስ አልወጣ ብለው የሚቆጥሩ ከሆነ ግን ከ80 ከመቶ ወደ 40 ከመቶ መውረድን ለማሳየት እንኳ በቡድን 25 ገደማ ያስፈልጋል፤ በ6 ራት የሚደረግ የካንሰር ድምዳሜ መሠረት የለውም።

ትርጉሙ ላይ በጣም የሚዘነጋው የሴል ስብጥር ነው። ከጉበት የወጣው አርኤንኤ የሁሉም ሴሎች ድብልቅ ነው። ሲሲኤል2 3 እጥፍ ጨመረ ማለት የጉበት ሴሎች 3 እጥፍ ሠሩት ማለት ላይሆን ይችላል፤ ማክሮፋጅ የተባለው የመከላከያ ሴል ከደም ገብቶ ሊሆን ይችላል። ቡናው ቲኤንኤፍ-አልፋን ቀነሰ ከተባለ፣ ሴሎቹ ዝም አሉ ወይስ ቁጥራቸው አነሰ? ቢያንስ የማክሮፋጅ ምልክት የሆነውን ሲዲ68ን አብረው ይለኩ፣ በስላይዱም ላይ ይቁጠሩ። የሰባ ሴል እንደ ቡና ከረጢት ተነፍቶ ቦታ ስለሚይዝ በአንድ ሚሊግራም ውስጥ ያለው የሴል ቁጥር ራሱ ይቀንሳል፤ በቲሹ ክብደት የተሰላ ማንኛውም ነገር በዚህ ይዛባል።

እብጠት ያለበት ሞዴል ከመረጡ ከእያንዳንዱ እንስሳ እብጠቱንና አጠገቡ ያለውን ቲሹ ለየብቻ ይውሰዱ፤ በዚያው ዕድሜ ያለ ዴን ያላገኘ ራት ደግሞ ሦስተኛው ይሆናል። አጠገቡ ያለው ጤነኛ አይደለም፤ መርዙም ስቡም ጠባሳውም ደርሶበታል። እብጠቱን ለሁለት ከፍለው ግማሹን ለፓቶሎጂ፣ ግማሹን ለአርኤንኤ ያድርጉ፤ መሐሉ የሞተ ከሆነ ከዳር ይውሰዱ። ኤኤፍፒ፣ ጂፒሲ3፣ ኤምኬአይ67 እና ጂኤስቲፒ1 የተባሉት ጂኖች ትርጉም የሚያገኙት እዚህ ነው። የሰው የጉበት ካንሰር በብዛት የሚሸከማቸው ለውጦች በቴርት መነሻ፣ በቲፒ53ና በቤታ-ካቴኒን ላይ ሲሆኑ፣ በዴን የታመመ ማውስ ግን በአብዛኛው ኤችራስና ቢራፍ ላይ ነው የሚለወጠው። በመርዝ የመጣን ካንሰር ከሰው ጋር ሲያነጻጽሩ ይህን መጻፍ ይገባል።

ዴንን የሚነካ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ተናኝ ነው፣ በቆዳም ይገባል፣ ሰውንም ለካንሰር ያጋልጣል ተብሎ ይታሰባል። ያለ ፊዩም ሁድ (ተን መምጠጫ) እና ድርብ ጓንት አይከፈትም። ከመርፌው በኋላ ቢያንስ ለ3 ቀን ጉዝጓዙና ሽንቱ እንደ አደገኛ ቆሻሻ ተይዞ በከፍተኛ ሙቀት ይቃጠላል፤ ኬጅ የሚያጸዱት ሠራተኞች አስቀድሞ ይነገራቸው፣ መከላከያም ይሰጣቸው። ይህን ማሟላት በማይቻልበት ቦታ የካንሰሩን ሞዴል አይጀምሩ።

ገንዘቡ ለ30 ራትና ለአንድ የሪል-ታይም ፒሲአር ኪት ብቻ ከሆነ ምክሬ የስቡን ጥናት ይምረጡ፣ ርዕሱም «የጥሬ ቡና ጭማቂ ስብ የበዛበት መኖ በሚበሉ ወንድ ራቶች ጉበት የስብ ጂኖች ላይ ያለው ውጤት» ይሁን የሚል ነው። የካንሰሩን ጥያቄ በጎን በኮምፒውተር ይሥሩት። ጂኦ በተባለው ነፃ ማከማቻ ውስጥ የሰባ ጉበትና የጉበት ካንሰር የራትና የማውስ መረጃዎች አሉ፤ ጋላክሲ በተባለው ነፃ ገጽ ላይ ዲሴክ2 በተባለው ፕሮግራም ይተነተናሉ። ከመደምደምዎ በፊት የናሙናዎቹን ጾታ፣ ዝርያ፣ የጾም ሰዓትና የዕርድ ቀን ከመግለጫው ያረጋግጡ፤ እነዚህ ያልተጻፉበትን መረጃ ይተዉት። ከዚያ የወጡትን 5 ወይም 6 ጂኖች በራስዎ ናሙና ላይ ይለኩ፤ ፕራይመሮቹን ከራቶቹ በፊት ይዘዙ፣ እስኪደርሱም ድረስ የጥቂት ጤነኛ ራቶችን ጉበት በመጠቀም አወጣጡን ይለማመዱ።